እጅ ወደ ላይ! የአንድ ከፍ ያለ መሪ ታሪክ

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ስለ ሳይክል ምክር አያስፈልገውም። ልጆች ሆነን በሰዓት እየተከራየን በምንጋልብበት ዘመን ከሁሉ የምንጓጓለት «ኮርሳ» የምንለው፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘው የውድድር ሳይክል ነበር። ታዲያ ኮርሳው እጃችን ከገባ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጣጣው ይጀምራል። መሪውን ለመያዝ ማጎንበስ አለ። ሲያጎነብሱ አንገት ያማል፣ መዳፍ ይደነዝዛል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገድ ዳር የቆሙት የሰፈር ልጆች ፊትህን አያዩትም። መፍትሔው ቅርብ ነበር። ከጎሚስታው ቁልፍ ይለመናል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ቀንዱ ወደ ሰማይ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ደረትን ነፍቶ መሄድ ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አከራዩ ሳያየን መልሰን እንገለብጠዋለን።

ያኔ መሪውን የገለበጥነው ለምቾት ነበር ወይስ ለጉራ? ብትጠይቁን ኖሮ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «አንገታችንን አሞን ነው» እንል ነበር። ውሸት አልነበረም። ሙሉ እውነትም አልነበረም።

ይህን ያስታወሰኝ ሎስ አንጀለስ የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ ነው። ያገለገለ ክሩዘር ሞተር ሳይክል ገዝቷል። ክሩዘር ማለት ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱት፣ ለረጅምና ቀጥ ላለ መንገድ የተሠራ ከባድ ሞተር ሳይክል ነው። ወዳጄ አሁን የፋብሪካውን መሪ አስወልቆ ከፍ ያለ ሊያስገጥምለት ነው። በስልክ ሲነግረኝ «ለወገቤ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ እንዳይመስልህ» አለኝ። ከኋላው ባለቤቱ ስትስቅ ይሰማኛል።

እኔም ስልኩን ዘግቼ የዚህን ከፍ ያለ መሪ ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። (መሪ ስል የሞተር ሳይክሉን ማለቴ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቡብኝ። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄው ያው የልጅነቱ ነው። ምቾት ወይስ ጉራ? ያገኘሁት መልስ ግን ከጠበቅሁት በላይ ሰፊ ሆነብኝ። ፖሊስ አለበት፣ ሆሊዉድ አለበት፣ ስማቸው ተደብቆ የኖረ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያንም አሉበት።

ፈረስና በቅሎ

የእኛ መኳንንት ይህን ጉዳይ በሚገባ ያውቁት ነበር። ሩቅ አገር ሲሄዱ የሚቀመጡት በቅሎ ላይ ነው፤ ፈረሱ ተጭኖ ከጎን ይሳባል። ፈረስ ለፍልሚያ፣ በቅሎ ለመንገድ። በፈረስ ላይ ወደ ፊት ይታጠፋሉ፣ በበቅሎ ላይ ቀና ብለው ግራ ቀኙን እያዩ ይሄዳሉ። የሞተር ሳይክል ዓለምም በዚሁ መሥመር ለሁለት የተከፈለ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎች ሞተር የተጨመረባቸው ሳይክሎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ኢንዲያን በ1901 በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ፣ ሃርሊ ዴቪድሰን ደግሞ በ1903 በሚልዋኪ ሥራ ሲጀምሩ፣ በዚያ ዘመን የተለመደው መሪ ወደ ነጂው የተሳበ ረጅም መሪ ነበር። ነጂው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። አሜሪካ ሰፊ አገር ነው፤ መንገዱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ከባዱ የአሜሪካ ሞተር ሳይክል ሰፊ መሪውን፣ ስፕሪንግ ያለው ኮርቻውንና የእግር ማሳረፊያ ሳንቃውን ይዞ እስከ 1940ዎቹ የዘለቀው በዚህ ምክንያት ነው። በቅሎ ሆኖ ቀረ።

እንግሊዞቹ የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። መንገዳቸው አጭርና ጠመዝማዛ ነው፤ ጀግኖቻቸውም የውድድር ጀግኖች ናቸው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በለንደን ዳርቻ ኤስ ካፌ በተባለው ሻይ ቤት የሚሰበሰቡት ወጣቶች የፋብሪካውን መሪ እየፈቱ፣ ከሹካው ጋር ጥብቅ ብሎ የሚታሰር አጭርና ዝቅ ያለ መሪ ይገጥሙ ነበር። ሆዳቸው ታንኩ ላይ እስኪተኛ ድረስ።

ልብ በሉልኝ። በዚያው ዘመን፣ በእነሱው ዕድሜ የነበሩ የካሊፎርኒያ ወጣቶች መሪያቸውን ወደ ላይ ይጎትቱ ነበር። ለንደን ላይ አመፅ ማለት ማጎንበስ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ላይ አመፅ ማለት ቀና ማለት ነው። ሁለቱም ወላጆቻቸውን እኩል አስቆጥተዋል።

ከጦርነት መልስ

ሃርሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደብልዩ ኤል ኤ የተባለውን የጦር ሞተር ሳይክል 90 ሺህ ገደማ ሠርቷል። ጦርነቱ ሲያልቅ ከጦር ሠራዊት የተረፈው ገበያ ላይ በርካሽ ወጣ። ከጦር ሜዳ የተመለሰውም ወጣት ብዙ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ፣ ልቡ ውስጥ ብዙ እረፍት ማጣት። ገዛ። ገዝቶም መቁረጥ ጀመረ። የፊቱን ፓራፋንጎ ይጥለዋል፣ የኋላውን ያሳጥረዋል፣ ከባድ የሆነውን ሁሉ ያወልቃል። «ቦበር» የሚባለው ስልት ይህ ነው። ዓላማው ፍጥነት ነበር፤ ክብደት በቀነሰ ቁጥር ያው ሞተር የበለጠ ይሮጣል።

በሐምሌ 1947 በካሊፎርኒያዋ ትንሽ ከተማ በሆሊስተር የተደረገ የሞተረኞች ስብሰባ ወደ ሁካታ ተለወጠ። ላይፍ መጽሔት ሞተር ሳይክሉ ላይ ተቀምጦ በቢራ ጠርሙስ የተከበበ ሰው ፎቶ አወጣ። ፎቶው ተቀነባብሮ ነው እያሉ የሚከራከሩ እስከ ዛሬ አሉ። ለማንኛውም አሜሪካ ሞተረኛን መፍራት ጀመረች። በ1953 የወጣው «ዘ ዋይልድ ዋን» ፊልም ይህን ፍርሃት አተመው። ማርሎን ብራንዶ በቆዳ ጃኬቱ የዓመፀኛ ምልክት ሆነ። ግን እስቲ ፊልሙን መልሳችሁ እዩት። ብራንዶ የሚነዳው የእንግሊዝ ትራያምፍ ነው፤ ከራስ በላይ የሚሰቀል መሪ የለውም። ከፍ ያለ መሪ ገና የመጥፎ ልጅ ምልክት አልሆነም ነበር።

ታዲያ መቼ ሆነ? ቦበሩ ቀስ በቀስ ወደ «ቾፐር» ሲለወጥ ነው። ቾፐር ፓራፋንጎ በማሳጠር አይወሰንም፤ የሞተር ሳይክሉ አጥንት ራሱ ይቆረጣል። ሹካው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት አንገት ተቆርጦ ወደ ፊት ይጋደማል፤ ሹካውም ይረዝማል። የፊት ጎማው ሩቅ ይሄዳል። ወንበሩ በአንጻሩ የኋላ ጎማ ላይ ሊቀመጥ እስኪቃረብ ዝቅ ይላል። አሁን ነጂው ወደ ኋላና ወደ ታች፣ የሹካው ጫፍ ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ላይ ሄደዋል። የድሮው መሪ አይደርስም! ስለዚህ መሪው መርዘም፣ መነሣትና ወደ ነጂው መመለስ ነበረበት። የጉራ ምልክት ነው የምንለው ነገር በከፊል የዚህ ሒሳብ ውጤት ነው። አንዱን ብትቆርጥ ሌላውን መቀጠል ግድ ይሆናል።

አሜሪካውያን «ኤፕ ሀንገር» አሉት። የዝንጀሮ መንጠልጠያ እንደ ማለት ነው፤ ነጂው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲያዩት ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ዝንጀሮ ይመስላል። ስድብ ነበር። እነሱ ግን ስድቡን ስም አድርገው ተቀበሉት።

ነገሩ ወደ ሕፃናቱም ወረደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ልጆች በትናንሽ ሳይክሎቻቸው ላይ ከፍ ያለ መሪና እንደ ሙዝ የረዘመ ኮርቻ ይገጥሙ ነበር። ሽዊን የተባለው የቺካጎ ሳይክል ፋብሪካ መሐንዲስ አል ፍሪትዝ ወሬው ደረሰው። ፋብሪካው በ1963 «ስቲንግ ሬይ» ብሎ አወጣው፤ በብዛት ተሸጠ። ልጆቹ በቁልፍ የሠሩትን ፋብሪካው በካታሎግ መልሶ ሸጠላቸው። ይህን ሳነብ ያ ኮርሳ ትዝ አለኝ። እኛም ፋብሪካ ያጣን ፈልሳፊዎች ነበርን ማለት ነው።

ስማቸው ያልተጻፈው

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ከፍ ያለ መሪን ለዓለም ሁሉ ያሳየው በ1969 የወጣው «ኢዚ ራይደር» ፊልም ነው። ፒተር ፎንዳና ዴኒስ ሆፐር በሁለት ቾፐሮች አሜሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋርጣሉ። የፎንዳ ሞተር ሳይክል «ካፒቴን አሜሪካ» ይባላል። ታንኩ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ተስሏል፣ ሹካው ረጅም ነው፣ መሪው ከፍ ያለ ነው፣ ብረቱ ሁሉ ያብረቀርቃል። በፊልሙ ጥቂት ወጪ ወጥቶበት ከፍተኛ ገንዘብ ገባበት። ከዚያ በኋላ ከቶኪዮ እስከ ስቶክሆልም ያለ ወጣት ሞተር ሳይክል ሲያልም በዐይኑ የሚመጣው ያ መሪ ሆነ።

ያንን ሞተር ሳይክል ማን ሠራው? የፊልሙን የስም ዝርዝር እስከ መጨረሻው ብታነቡ አታገኙትም።

ሠሪዎቹ ክሊፍ ቮስና ቤን ሃርዲ ይባላሉ። ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ሃርዲ በደቡብ ሎስ አንጀለስ የራሱ ጋራዥ የነበረው መካኒክ ነው። ዛሬ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ከምትባለው የፌርፋክስ መንገድ ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ብትነዱ የእሱ ዓለም በነበረው ሰፈር ታልፋላችሁ። ለፊልሙ የተሠሩት በጨረታ የተገዙ የፖሊስ ሃርሊዎች ነበሩ። አዎ፣ የፖሊስ! የአሜሪካ ዓመፅ ምልክት የሆነው ሞተር ሳይክል ከዚያ በፊት ሥራው ሰው ማስቆም ነበር። ሃርዲና ቮስ አፈራርሰው፣ ቆርጠው፣ ክሮም አልብሰው እንደ ገና ወለዱት።

ቮስ ደግሞ መካኒክ ብቻ አልነበረም። በሲቪል መብት ትግሉ ዘመን የተማሪዎቹ ንቅናቄ የስኒክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ስኒክ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሮችን ለምርጫ ሲያስመዘግብና የዘር መለያየትን ሲታገል የነበረው የወጣቶች ድርጅት ነው። በ1964 በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ የናሽናል ጋርድ ወታደሮች ሲይዙት የሚያሳይ ዝነኛ ፎቶ አለ፤ ወታደሮቹ ወደ አንድ በኩል፣ ጓዶቹ ወደ ሌላ በኩል ይጎትቱታል። በቾፐሩም ወደ ደቡብ ወርዶ እንደ ነበር በኋለኛው ዘመኑ ተናግሯል። በ1960ዎቹ አንድ ጥቁር ሰው በዚያ አገር፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ቀና ብሎ! ስለ ምቾት የምንጽፍ ሰዎች ይህን አፍታ ቆም ብለን ማሰብ ይኖርብናል።

ያንን የኬምብሪጅ ፎቶ ያነሳው ዳኒ ሊዮን ነው። ሊዮን የስኒክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። እሱው ደግሞ ከቺካጎ ሞተረኞች ጋር እየኖረ ያነሳቸውን ፎቶዎች በ1968 «ዘ ባይክራይደርስ» በሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ በ2023 በዚሁ ስም ፊልም ተሠርቶለታል። አንዱ ካሜራ ሁለቱንም ዓለም አይቷል። ብዙው አሜሪካዊ ግን «ሞተረኛ» ሲባል በአእምሮው የሚመጣው ነጭ ሰው ብቻ ነበር። ኦክላንድ ውስጥ በ1959 የተመሠረተውን ኢስት ቤይ ድራገንስ የተባለ የጥቁሮች የሃርሊ ክለብ የሚያስታውሰው ስንቱ ነው?

በፎንዳ ትረካ የካፒቴን አሜሪካ ሐሳብ የራሱ ነው። በቮስ ትረካ ደግሞ ሥራው የእሱና የሃርዲ ነው። እኔ የማዳላው ለቮስ ነው፤ ብረት በሐሳብ አይታጠፍም። ሃርዲ በ1994 ሲሞት ከሞተረኞች መንደር ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ቮስ እስከ 2016 ኖሮ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ጠያቂ አግኝቶ ታሪኩን መናገር ችሏል። በ2014 የታተመው የፖል ዶርሊየን የቾፐር ታሪክ መጽሐፍም ተገቢውን ቦታ ሰጥቶታል።

በዚያው በ2014 ደግሞ አንድ ነገር ሆነ። ለፊልሙ ከተሠሩት ሞተር ሳይክሎች አንዱ በመጨረሻው ትዕይንት ተሰባብሯል፤ ሌሎቹ ፊልሙ ሳይጠናቀቅ ተሰርቀዋል። ይሁንና ከተሰባበረው ካፒቴን አሜሪካ ተጠግኖ የተሠራ ነው የተባለ አንድ ሞተር ሳይክል ካሊፎርኒያ ውስጥ ለጨረታ ቀረበ። የጨረታው መዶሻ በ1.35 ሚሊዮን ዶላር ላይ ወረደ። ለትክክለኛነቱ የመሰከረው ሰው ከዚያ በፊት ለሌላ ሞተር ሳይክልም «እውነተኛው ይህ ነው» ብሎ መስክሮ ስለ ነበር ጭቅጭቅ ተነሳ። ዋናው ሞተር ሳይክል የቱ እንደ ሆነ ለማወቅ ይህን ያህል ጉልበት ፈሰሰ፤ ዋናው ሠሪ ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ።

ትከሻና ሜትር

ምልክት የሆነ ነገር ሕግ ይከተለዋል። የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመሪ ቁመት የሚገድብ ደንብ አላቸው፤ ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ። ፍሎሪዳ ነጂው በትክክል ሲቀመጥ የመሪው መጨበጫ ከትከሻው ጫፍ በላይ መሆን የለበትም ይላል። ካሊፎርኒያ ለጋስ ናት፤ እጅ ከትከሻ በላይ እስከ ስድስት ኢንች፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድረስ ትፈቅዳለች። ሌሎች የሚለኩት ከወንበሩ ጀምረው ነው።

የትከሻው ደንብ አስቂኝ ነው። ሞተር ሳይክሉን ብቻውን አቁመህ ሕጋዊ ነው ወይስ ሕገ ወጥ ብትል መልስ የለውም። ረጅም ሰው ሲቀመጥበት ሕጋዊ ነው፤ አጭር ሰው ሲቀመጥበት ወንጀል ይሆናል። ባልና ሚስት አንድ ሞተር ሳይክል ቢኖራቸው ባልየው በሰላም ነድቶ ሲመጣ፣ ሚስቲቱ በዚያው መሪ ልትቀጣ ትችላለች ማለት ነው።

መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ደኅንነት ነው፤ እጅ በጣም ከተሰቀለ ሞተር ሳይክሉን መቆጣጠር ይከብዳል። ይህ እውነትነት አለው። ሞተረኞቹ ደግሞ ደንቡ እኛን ለማስቆሚያ ሰበብ ነው ይላሉ። ይህም እውነትነት አለው፤ የካሊፎርኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቶማስ ሊንች በ1965 ስለ ሞተረኛ ቡድኖች የጻፈው ሪፖርት አገሩን ካስደነገጠ በኋላ፣ ፖሊስ ቾፐር ሲያይ ሜትር ትዝ ቢለው አይገርምም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢዚራይደርስ በተባለው መጽሔት ዙሪያ የተሰባሰቡ ነጂዎች ኤቤት የተባለ ማኅበር አቋቁመው በየምክር ቤቱ መከራከር ጀመሩ። ቆዳ ጃኬት የለበሱ ሰዎች ስለ ኢንች ሲከራከሩ አስቡት እስቲ።

ሕፃናቱም አልቀረላቸውም። በ1970ዎቹ የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል የሳይክል ደንብ ወንበሩ ዝቅ ብሎ ሲለካ የመሪው ጫፍ ከወንበሩ በላይ ከ406 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከ16 ኢንች እንዳይበልጥ ይከለክላል። የባሕር ዳር አከራያችን ይህን ቢያውቅ ኖሮ ግድግዳው ላይ ይለጥፈው ነበር።

ፋብሪካዎቹ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል። ሃርሊ ለዓመታት ቾፐርን እንደ ባለጌ ልጅ ሲያይ ኖሮ፣ በ1971 የመሥራቹ የልጅ ልጅ ዊሊ ጂ ዴቪድሰን የነደፈውን ሱፐር ግላይድ አወጣ። በ1980 ደግሞ ረጅም ሹካ፣ 21 ኢንች የፊት ጎማና ነበልባል የተሳለበት ታንክ ያለው ዋይድ ግላይድ መጣ። ጃፓኖቹም ተከተሉ፤ ያማሃ ቪራጎን፣ ሆንዳ ሻዶውን ይዘው ገቡ። በ2006 የሃርሊ ስትሪት ቦብ ሲወጣ ከፍ ያለው መሪ ከፋብሪካው ተገጥሞ ነበር። ፖሊስ ያስቆምበት የነበረው ነገር ዋስትና ያለው ዕቃ ሆነ።

ታዲያ ይመቻል?

ወደ ወዳጄ ወገብ እንመለስ። በስልክ ደጋግመን ተነጋግረናል፤ እኔም በዚህ መሐል ብዙ ስላነበብኩ እንደ ሐኪም መናገር ጀምሬ ነበር።

የፋብሪካ መሪ ለአንዳንዱ ሰው በእርግጥ ዝቅ ይላል ወይም ይርቃል። ሲርቅ ጀርባ ይጎብጣል፣ ክብደት ወደ አንጓ ይሄዳል፣ በትከሻ መካከል ያለው ጡንቻ ይቃጠላል። መሪው ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ነጂው ሲቀርብ ክርኑ ላላ ብሎ ይታጠፋል፣ ጀርባው ይቃናል። ስለዚህ «ለወገቤ» የሚለው ሰው ሁሉ ዋሾ አይደለም።

ግን ልክ አለው። እጅ ከልብ በላይ ሲሰቀል ደም ወደ ጣት ለመድረስ ይቸገራል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጣት ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን በደንብ አይዝም። ሌላው ጠላት ነፋስ ነው። በከተማ ውስጥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ገነት ነው። አውራ ጎዳና ላይ 110 ሲደርስ ግን ያ የተነፋ ደረት የጀልባ ሸራ ይሆናል፤ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሁለቱ እጆችም ሰውዬውን ይዘው ይንጠለጠላሉ። ዝንጀሮ የሚለው ስም ያኔ ነው እውነት የሚሆነው። በክሩዘር ላይ እግርም ወደ ፊት ስለ ተዘረጋ መላ ክብደቱ በጭራ አጥንት ላይ ያርፋል፤ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር አከርካሪው ይቀበለዋል። ለወገቡ ብሎ 16 ኢንች የገጠመ ሰው ወገቡን ይዞ ቢመለስ እኔ የለሁበትም።

ሥራውም ብሎን ፈቶ እንደ ኮርሳ መገልበጥ አይደለም። መሪው ከፍ ሲል ከእሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ያጥራል። የፍሪሲዮን ካቦ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦ፣ የነዳጅ ካቦ፣ የመብራትና የፍሬቻ ሽቦ ሁሉም በረዥም ይቀየራሉ። (ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ አሁንም ተቀጥረው ይሠራሉ።) በአዳዲሶቹ ሞተር ሳይክሎች ነዳጅ የሚታዘዘው በኤሌክትሪክ ስለ ሆነ ካቦው ቀርቶ ሽቦው ይቀጠላል። ሁሉ ታስሮ ካለቀ በኋላ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር አለ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ሲዞር ድምፁ ብቻውን ከጨመረ ካቦው እየተወጠረ ነው ማለት ነው። ይህን ያልፈተሸ ሰው የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይፈትሸዋል።

ለወዳጄ አንድ የድሮ ነጂዎች ዘዴ ነገርኩት። ሞተር ሳይክሉን አቁመህ ተቀመጥበት፤ ዐይንህን ጨፍን፤ ትከሻህን አሳርፍ፤ ከዚያ እጆችህን ወደ ፊት አንሣ፤ በራሳቸው የሚቆሙበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ይለካልህ። የፈለገው 16 ኢንች ነበር። የልጅነት ጓደኛ አይዋሽም፤ ከካፒቴን አሜሪካ ፎቶ ላይ ቆጥሮ ነው የመረጠው።

ባለቤቱ ሜትር ይዛ ጋራዡ ውስጥ ቆመች። እሱ ዐይኑን ጨፈነ። እጆቹ የቆሙት ከደረቱ ጥቂት ከፍ ብለው፣ ከትከሻው ግን ዝቅ ብለው ነው። ሒሳቡ ሲሠራ አሥር ኢንች መሪ ሆነ። «እንደገና ለኪ» አላት። እንደገና ለካች። አሥር።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ። አሥር ኢንቹ ተገጥሟል። ሞተሩ አልተነሣም፤ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው የቆመው። እሱ ላዩ ላይ ተቀምጦ ደረቱን ነፍቷል፤ ሁለት የጎረቤት ልጆች ሳይክላቸውን ይዘው ያዩታል። እሱም ልጆቹ እያዩት መሆኑን በዐይኑ ጫፍ ያረጋግጣል።